አንዱ ሳይት፣ አንዱ ቤት፦ ለሥራ የተራራቁ ባልና ሚስት ምን ያድርጉ?

የመንገድ ፕሮጀክት፣ የባንክ ቅርንጫፍ፣ የጤና ጣቢያ ምደባ፣ የፋብሪካ ኮንትራት። ሰበቡ ይለያያል እንጂ ነገሩ ያው ነው። አንዱ ሻንጣውን ይዞ ክልል ይወጣል፣ ሌላው ከልጆቹ ጋር አዲስ አበባ ይቀራል። ምክር ሲጠየቅ ሁሉም የሚለው "ቶሎ ቶሎ ተደዋወሉ" ነው። መደወሉንማ ማን ጠላ! ችግሩ ሌላ ነው። የሄደው ሰው ቀስ በቀስ ከቤቱ ጉዳይ ይወጣና ብር ላኪና የበዓል እንግዳ ሆኖ ይቀራል። የቀረው ደግሞ ሁሉንም ብቻውን መወሰን ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ቢደወልም የሚወራው ይጠፋል።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ያመራል፦ የሄደውን ሰው ከቤቱ ጉዳይ አለማስወጣት። ባለቤቴ ሰርቬየር ነው፤ ዕድሜው ያለቀው መንገድ ሥራ ላይ ነው። እኔ አዲስ አበባ አስተምራለሁ። ከራሳችን ኑሮና ከጓደኞቻችን ቤት ያየሁትን ነው የማካፍላችሁ።

1. ሻንጣው ሳይዘጋ "እስከ መቼ?" የሚለውን ቁረጡ

"ፕሮጀክቱ እስኪያልቅ" የሚባል ቀጠሮ አትያዙ። የመንገድ ፕሮጀክት መቼ እንደሚያልቅ ኮንትራክተሩም አማካሪው መሐንዲስም አያውቁትም። ካላንደር ላይ ቀን ምረጡ። ለእኛ አገር ኑሮ የሚመቸው ሰኔ 30 ነው። የበጀት ዓመቱም ትምህርት ቤቱም የሚዘጉት ያኔ ነው። ዝናቡ ሲገባ የአፈርና የአስፋልት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ከሳይት ፈቃድ ማግኘትም ይቀላል። ያኔ ቁጭ ብላችሁ ታዩታላችሁ፦ እንቀጥል፣ ቤተሰቡ ይሂድ ወይስ ሥራ ይቀየር? እንዲሁ "እናያለን" ብላችሁ ከተለያያችሁ ዓመቱ ሳታውቁት ያልፋል።

በዚያው ምሽት ቅር የሚላችሁንም ተናገሩ። ካምፕ ውስጥ ምሽቱ ረጅም ነው። ቢራው አለ፣ ጫቱ አለ፣ ብቸኝነቱ አለ። ቤት የቀረውም ሰው ቢሆን ብቸኛ ነው። "እንዲህ ብታደርግ ይከፋኛል" ማለት የሚያሳፍረው ለአምስት ደቂቃ ነው፤ ሳይባል ቀርቶ በኋላ ሲመጣ ግን ሽማግሌም አይፈታው።

የምትሄደው ሚስት ከሆነች ሌላም ነገር አለ። ባል ሲሄድ ሰፈሩ "ለልጆቹ ብሎ" ይላል። ሚስት ስትሄድ ግን "ቤቷን ጥላ" ይባላል፤ ወጥ የሚያመላልስለት ጎረቤትም ከሐሜት ጋር ነው የሚያመጣው። ይህን አፍ መዝጋት ያለበት እዚያው የቀረው ባል ነው። "ተማክረን ነው የሄደችው" ብሎ አንዴ በደንብ ከተናገረ ወሬው ይቀንሳል። እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፣ የቤተሰብ ሕጉ ራሱ ባልና ሚስት አብረው እንዲኖሩ ካለ በኋላ ተስማምተው ለጊዜው ተለያይተው መኖር እንደሚችሉ አስቀምጧል። "ይሄም ትዳር ነው?" ለሚል ዘመድ ጥሩ መልስ ነው።

2. ወረቀቱን ጨርሱ

በቤተ ክርስቲያን ወይም በኒካ ተጋብታችሁ ወረዳ ያላስመዘገባችሁ ከሆነ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። የትዳር ጓደኛዬ ወዳለበት ልዛወር ስትሉ መሥሪያ ቤቱ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው።

በሁለታችሁ ስም የሚንቀሳቀስ ጉዳይ ካለ ውክልና ስጡ። የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለማስያዝ የሁለታችሁም ስምምነት ያስፈልጋል። አንዱ ጉባ ወይም ጎዴ ሆኖ ለአንድ ፊርማ መመላለስ ደግሞ አድካሚም ውድም ነው። ውክልና መስጠት ግን ሁሉን አሳልፎ መስጠት አይደለም። ለባንክና ለመብራት ኃይል ጉዳይ ብቻ የሚል ውክልና መስጠት ይቻላል። ቤት መሸጥን የመሰለ ሥልጣን በግልጽ ካልተጻፈ በጠቅላላ ውክልና አይሠራም። የመታወቂያ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀትና የኪራይ ውል ፎቶ ሁለታችሁም ስልክ ላይ ይኑር።

3. "የአስቤዛ ላክልኝ" እንዳይባል አድርጉ

ገንዘብ ሳይለመን መምጣት አለበት። ደመወዝ በገባ ዕለት የተስማማችሁበት መጠን በቴሌብር ወይም በባንክ ወደ ቤት ይላክ፤ የተረፈው ለላኪው ይሁን። በየሳምንቱ ዘይት አልቋል፣ ሽንኩርት አልቋል እያሉ መጠየቅ ሚስትን ለማኝ፣ ባልን ቆጣሪ ያደርጋል። የእቁቡና የእድሩ መዋጮም ከዚሁ ላይ ተሰልቶ ይታወቅ።

የሄደውም ሰው ወጪ አለበት። አልጋው፣ ምሳው፣ ወደ ከተማ ሲወጣ የሚያድርበት ፔንሲዮን። ይህን የማያውቅ ቤት "አበል እያለው" ይላል። መላው ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ ሁለታችሁ ብቻ ያላችሁበት ግሩፕ ክፈቱ። የኛ "ቤት" ይባላል። ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ እዚያ ይገባል፤ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የጤፍ ዋጋ፣ የእሱ የትራንስፖርት ቲኬት። ማንም ማንንም አይጠይቅም፤ የፈለገ ከፍቶ ያያል። የጤፍ ደረሰኝ ሲያይ "እንዴ! ጨመረ እንዴ?" ብሎ ይደውላል። ይኸው፣ የሚወራ ነገር ተገኘ።

4. ስልኩን በወግ ተጠቀሙበት

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነውና። ይህን ጥሪ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፦

— ሄሎ፣ እንዴት ናችሁ?
— ደህና፤ አንተስ?
— ደህና። ልጆቹ?
— ደህና ናቸው።
— ሌላስ?
— ሰላም ነው።
— በቃ እሺ፣ ቻው።

ጸብ የለም፣ ቁጣ የለም፣ ወሬም የለም። እንዲህ ያለ ጥሪ በቀን ሦስቴ ቢደረግ ማንንም አያቀራርብም። "ሌላስ?" ለሚባል ጥያቄ መልሱ ዘላለም "ሰላም" ነው።

መፍትሔው ዝርዝር መጠየቅ ነው። ትናንት የሰማችሁትን ይዛችሁ ደውሉ። "የታችኛዋ እትዬ ጉልበታቸው ተሻላቸው?" "ያ የተጣላህ የግሬደር ኦፕሬተር ዛሬስ አናገረህ?" እኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። የኔው ሰውዬ ተራችንን ያውቃል፤ በዚያ ቀን ማታ ሲደውል መጀመሪያ የሚለው "ውኃ መጣ? ሮቶው ሞላ?" ነው። ከዚያ በላይ "ናፈቅሽኝ" የሚል ቃል አልፈልግም። የፈረቃውን ቀን የሚያስታውስ ሰው ከቤቱ አልወጣም።

ስታወሩም ትንሿን ነገር አትናቁ። እንጀራው ዛሬ ዓይን አላወጣም፤ ልጁ አንድ ጫማውን ትምህርት ቤት ረስቶ መጣ፤ ካምፑ ውስጥ አዲስ ምግብ አብሳይ መጥታ ሽሮው ጣፈጠ። ትልልቁን ዜና ማንም ይነግራችኋል። ትንሹን የሚነግራችሁ አብሯችሁ የሚኖር ሰው ብቻ ነው።

ሰዓት ያዙ፣ ግን እንደ ሥራ መግቢያ ፊርማ አታድርጉት። ለልጆቹ ከእራት በፊት አንድ አጭር ጥሪ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደግሞ ለሁለታችሁ ሌላ። "ዛሬ ደክሞኛል፣ ነገ እናውራ" ማለት ይፈቀድ። ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ላይ ሲወጣ ብቻ ከሆነ ደግሞ ቮይስ ላኩ። እኔ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ የቀኑን ወሬ በቮይስ አወራለታለሁ። እሱ ማታ ኮረብታው ላይ ሲወጣ ተከታትሎ ይገባለታል። የሰልፉ ጫጫታና የረዳቱ ጥሪ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል፤ ለአዲስ አበባ ልጅ እሱም ናፍቆት ነው።

ቪዲዮ ይበዛል ባይ ነኝ። ፊት ለፊት ተፋጦ "ከሳህ"፣ "ጠቆርሽ" መባባል ቶሎ ያልቃል። እሁድ ቡና ሲፈላ ግን ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቁሙትና ሥራችሁን ሥሩ። እሱም እዚያ ልብሱን ይጠብ። ዝም ብትሉም ችግር የለውም፤ ቤት ውስጥስ ቢሆን ሁልጊዜ ይወራል እንዴ?

5. ለሄደው ሰው የቤት ሥራ ስጡት

"እሱ ሩቅ ነው፣ አናስቸግረው" የሚለው ደግነት ነው ሰውን ከቤቱ የሚያስወጣው። ከሩቅ የሚሠራ ብዙ ሥራ አለ። የመብራት ቢል በቴሌብር ከአሶሳም ከጅግጅጋም ይከፈላል፤ ስለዚህ የእሱ ይሁን። ለቧንቧ ሠራተኛው ደውሎ የሚቀጥረው፣ ከአከራዩ ጋር የሚከራከረው፣ የልጁን መምህር በስልክ የሚያነጋግረው እሱ ይሁን። አልፎ አልፎ ይረሳል። ይርሳ፤ ነጥቃችሁ አትሥሩበት፤ መብራቱ ሊቆረጥ ሲል እናንተው አስታውሱት።

እኛ ቤት የሒሳብ የቤት ሥራ የአባትየው ነው። ልጁ ደብተሩን ፎቶ አንስቶ ይልካል። አባትየው ካምፕ ሆኖ ወረቀት ላይ ይሠራና "እስቲ ሦስተኛውን እንዴት አገኘኸው?" ይለዋል። መልሱን አይነግረውም፤ ልጁም ይነጫነጫል። እኔ እጄን አላስገባም። መስመሩ ተቆርጦ ተመልሶ እስኪመጣ ድረስ ልጁ እርሳሱን እያኘከ ይጠብቃል።

ልቅሶና ሠርግም አለ። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ የሚሄደው ቤት ያለው ነው፤ ግን የሄደውም በዚያው ዕለት ሐዘንተኛውን ራሱ ደውሎ "እግዜር ያጽናችሁ" ይበል። ሰው የቀረን አይረሳም፣ የደወለንም አይረሳም። እናቱን ደግሞ ራሱ ይደውልላት። ሚስት በባልና በአማት መካከል አምባሳደር መሆኗ መጨረሻው አያምርም።

ቤት የቀረውም በተራው የካምፑን ኑሮ ይወቅ። ከማን ጋር ነው የሚያድረው? ምሳ የት ይበላል? ከቻላችሁ አንድ ጊዜ ሄዳችሁ እዩት። አልጋውን፣ ሱቁን፣ ያንን ኮረብታ ካያችሁ በኋላ በስልክ የምትሰሙት ሁሉ ቦታ ያገኛል። መሄድ ካልተቻለ ላኩ፦ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ሚጥሚጣ። ወደዚያ ለሚሄድ ሹፌር ሲሰጥ የተቀባዩ ስምና ስልክ በወረቀት ተጽፎ ከውስጥም ከውጭም ይለጠፍ። የውጭው መንገድ ላይ ይቀደዳል።

6. ጸቡም ወግ ይኑረው

ትጣላላችሁ። ሩቅ ሆኖ መጣላት ደግሞ ከባድ ነው፤ ቤት ቢሆን አንዱ ሻይ አፍልቶ ሲያቀርብ ኩርፊያው ይለዝብ ነበር። ስለዚህ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ። ስልክ ጆሮ ላይ አይዘጋም፤ የተናደደ "ነገ ማታ እንጨርሰው" ብሎ ይዘጋል፣ ነገ ማታም ይደውላል። ጸብ በጽሑፍ አይካሄድም፤ በጽሑፍ ቀልድ ስድብ ይመስላል፣ የተጻፈውም ተቀምጦ በዓመቱ ይነበባል። የጸቡ ወሬ በዚያው ሌሊት ለእናትና ለእህት አይደርስም፤ እናንተ ታርቃችሁ እነሱ አኩርፈው ይቀራሉ። ጸቡ አልፈታ ካለ ሁለታችሁም የምታከብሩትን አንድ ሰው ወይም ንስሐ አባታችሁን አስገቡ።

ጥርጣሬ ሌላ በሽታ ነው። "ስልክሽ ለምን ቢዚ ሆነ?" "ሌሊት 6 ሰዓት ኦንላይን ምን ትሠራ ነበር?" የሰውን ኦንላይን መቁጠር የጀመረ እንቅልፍ የለውም። የሚያሳስባችሁ ነገር ካለ በቀጥታ ጠይቁ፣ መልሱንም ስሙ። "ባልሽን እኮ አየነው" እያለ ለሚደውል ባልደረባ ጆሮ አትስጡ።

ስልክ ሲጠፋ ግን ሁሌም ጥርጣሬ አይደለም፤ ኔትወርክ ይቋረጣል፣ መንገድ ይዘጋል። ከመሄዱ በፊት የካምፑን ዘበኛ፣ የስቶር ኪፐሩንና የአንድ ባልደረባውን ስልክ ተቀበሉ። "ከማታ እስከ ማግሥቱ ምሳ ድረስ ካላገኘሁህ ለእነሱ እደውላለሁ" ብላችሁ ተስማሙ። ያኔ መደወሉ ስለላ አይሆንም።

7. ፈቃዱን አስቡበት

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያው ዓመት የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየ2 ዓመቱ አገልግሎት 1 ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ለሁለት ከፍሎ መውሰድ ይቻላል። እንደኔ ይከፈል። ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀት ጥር 11 ነው፤ በመካከል 8 የሥራ ቀን ገደማ ፈቃድ ብትወስዱ ሁለቱን በዓል ቤት ታሳልፋላችሁ። የጉዞውን ቀን መቁጠር አትርሱ፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን የሚፈጅ መንገድ ከመሄጃና ከመመለሻ አራት ቀን ይበላል።

ስለ ጾምም ይታሰብ፤ ሰው በአደባባይ አያወራውም እንጂ ጉዳዩ ትልቅ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ጾሙን በሥርዓቱ የሚጠብቁ ባልና ሚስት ያንን ፈቃድ በሁዳዴ መካከል ቢወስዱት እህትና ወንድም ሆነው ይለያያሉ። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብም የማይጾምበት ነው፤ መንገዱም ገና ደረቅ ነው። ለሚጾሙ ከዚያ የተሻለ ፈቃድ የለም።

የወሊድ መከላከያ "እሱ የለም" ተብሎ ይቋረጥና የፈቃዱ ሳምንት ያልታሰበ ይመጣል። ኪኒን አቁማችሁ እንደገና ስትጀምሩ አስተማማኝ እስኪሆን 7 ቀን ሊፈጅ ይችላል፤ ከመምጣቱ ቀደም ብላችሁ ጤና ጣቢያ ጠይቁ። ልጅ የምትፈልጉ ደግሞ ፈቃዱን በወሩ ቀን አስሉት፤ እርግዝና የሚፈጠረው የሚቀጥለው የወር አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ገደማ አስቀድሞ ባሉት ቀናት ነው። ከተረገዘ በኋላም ሒሳብ አለ። በዚሁ አዋጅ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዱ ለወሊዱ ይቀመጥ።

እሱ የሚመጣበት ቀን ላይ ዘመድ አትጥሩ። የመጀመሪያው ምሽት የቤቱ ሰው ብቻ ነው። የመጣውም ሰው በመጣ በማግሥቱ ሶፋ አያዙር፣ ልጆቹ የሚተኙበትን ሰዓት አይቀይር። ቤቱ እሱ ሳይኖር የራሱን ወግ ይዟል። ልጆቹ ቢሸሹት አይከፋው፤ በሁለተኛው ቀን ትከሻው ላይ ናቸው።

8. ባሕር ማዶ ለሆነባችሁ

ከላይ ያለው ሁሉ ይሠራል፤ የሚጨመረው ሰዓት ነው። ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፤ ዱባይ በ1 ሰዓት ይቀድማል። ዱባይ ላይ የዋትስአፕ ጥሪ ስለማይሠራ አብዛኛው ሰው ቦቲም ይጠቀማል። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ነው፤ በማርችና በኖቬምበር ሲቀየር ቀጠሯችሁም ይቀየር። እዚያ ቀትር ላይ ምሳ ሲወጣ እዚህ ከምሽቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፤ የሚመቸው እሱ ነው። ቀጠሮ ስትይዙ "በሀበሻ ነው በፈረንጅ?" በሉ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሚስት ስልክ የምትይዝበት ሰዓት በእጇ ላይሆን ይችላል፤ "ለምን አታነሺም?" ከማለት ቮይስ ልኮ መጠበቅ ይሻላል።

9. ሰኔ 30 ሲደርስ

ቁጭ በሉና ሒሳቡን ሥሩ። አበሉ ምን ጨመረ? ሁለተኛው ኪራይ፣ ትራንስፖርቱና ስልኩ ምን በሉ? ልጆቹስ እንዴት ሆኑ? መልሱ "እንቀጥል" ከሆነ አዲስ ቀን ቁረጡ። መልሱ "ቤተሰቡ ይሂድ" ከሆነ ግን ከወዲሁ ሩጡ። የመምህራን ዝውውር የሚሠራው በክረምት ነው፤ ማመልከቻው ቀደም ብሎ መግባት አለበት። እዚያ ያለው ሰው የሚከራይ ቤትና ትምህርት ቤቱን በእግሩ ሄዶ ያጣራ። አከራያችሁን ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። የልጆቹን መልቀቂያና የውጤት ካርድ ሰኔ ላይ ውሰዱ፤ ነሐሴ ላይ ብትሄዱ ቢሮው ውስጥ ሰው አታገኙም።